ዳግም የተቀረጸች መኪናና ወዳጆቿ

የመኪና ወዳጆች ለዓመታት የወደዷት የስፖርት መኪና አዲስ መልክ ይዛ ስትወጣ መጀመሪያ የሚሰማቸው ደስታ ሳይሆን ቅሬታ ነው፤ ቅሬታው ግን ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ብዙ ጊዜ ወደ ጽኑ ፍቅር ይለወጣል። የስፖርት መኪና የሚባለው ከጭነትና ከምቾት ይልቅ ለፍጥነት፣ ለኩርባ አያያዝና ነጂው በመሪው በኩል ለሚያገኘው ስሜት ቅድሚያ ተሰጥቶ የተሠራ ተሽከርካሪ ሲሆን፣ ዳግም መቅረጽ ማለት ደግሞ የመኪናዋን ስምና ዝና ይዞ አካሏን፣ ሞተሯን ወይም ሁለቱንም እንደ አዲስ መሥራት ነው። ቅሬታው ወደ ፍቅር የሚዞረው በምን ምክንያት ነው የሚለው ጥያቄ የሀብታም አገሮች የትርፍ ጊዜ ወሬ ሊመስል ይችላል፤ ከምኒልክ አደባባይ ቁልቁል በቸርችል ጎዳና የሚወርዱትን መኪኖች በጥሞና ላስተዋለ ሰው ግን ጥያቄው የአዲስ አበባም ነው፤ እንዲያውም መልሱ ከታላላቆቹ ፋብሪካዎች ይልቅ በዚህች ከተማ ጋራዦች ውስጥ ጎልቶ ይታያል።

አደባባዩ የሚገኝበት የአራዳ ሰው ከመኪና ጋር ያለው ትውውቅ በአደባባዩ ከቆመው ሐውልትም ይቀድማል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በፈረስ ላይ ሆነው የሚታዩበት ሐውልት የተመረቀው በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ቢድ ቤንትሊ ሲድሊ የተሰኘችውን መኪና ከጅቡቲ አንሥቶ በረሃውንና ዳገቱን አሳልፎ አዲስ አበባ ያገባት ግን በ1900 ዓ.ም. ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተሳፍረውባታል። ከዚያም ቀደም ብሎ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን በእንፋሎት ኃይል የሚንቀሳቀስ ከባድ የመንገድ መዳመጫ አስመጥቶ፣ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር። ሁለቱም የተሠሩት ለሌላ አገር መንገድና ለሌላ አየር ስለነበረ እዚህ ለመሥራት የሰው ትከሻ፣ የሰው ብልሃትና ብዙ ትዕግሥት ጠይቀዋል። ከዚያ ወዲህ ወደዚህች ከተማ የገቡ መኪኖች ብዙዎቹ ከፋብሪካ በወጡበት መልክ አልቆዩም፤ መንገዱ፣ ከፍታው፣ የመለዋወጫው እጥረትና የባለቤቱ ፍላጎት ተራ በተራ እየነኩ እንደገና ሠርተዋቸዋል።

በዓለም የመኪና ታሪክ የወዳጆችን የስሜት ለውጥ ከፖርሽ 911 የበለጠ የሚያስረዳ መኪና ማግኘት ያስቸግራል። ይህች መኪና እ.ኤ.አ. በ1963 በፍራንክፈርት የመኪና ትርኢት 901 ተብላ ቀረበች፤ ፔዦ በመካከላቸው ዜሮ ያለባቸው ባለ ሦስት አኃዝ ስሞች የእኔ ናቸው ብሎ በመቃወሙ ስሟ 911 ሆኖ ለገበያ ወጣች፤ ከዚያም ከሠላሳ ዓመት በላይ ከኋላ በተቀመጠና በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር ስትሠራ ኖረች። እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ የሆነውና ወዳጆቿ በፋብሪካ ቁጥሩ 996 እያሉ የሚጠሩት ሞዴል ግን ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ለወጠ፤ ሞተሩ በአየር ፋንታ በውሃ እንዲቀዘቅዝ ተደረገ፣ ክብ የነበሩት የፊት መብራቶችም ቦክስተር ከተባለችው በዋጋ ዝቅ ያለች እኅቷ ጋር በጋራ በተሠሩ፣ ጠርዛቸው ወደ ታች በፈሰሰ መብራቶች ተተኩ። የመጀመሪያው ለውጥ በቂ ምክንያት ነበረው፤ የጭስና የድምፅ ደንቦች እየጠበቁ ሲሄዱ፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደርም አራት ቫልቭ ሲያስፈልግ፣ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውና መካኒኮች ቴስታታ የሚሉት ክፍል የሚያመነጨው ሙቀት በአየር ብቻ የሚወጣ አልነበረም። ወዳጆቿ ግን ምክንያቱን ከመስማታቸው በፊት መብራቱን አይተው ፈረዱ፤ «የተጠበሰ እንቁላል» የሚል ስምም አወጡለት። እ.ኤ.አ. በ2004 የመጣችው 997 ክብ መብራቷን ይዛ ስትመለስ ክርክሩ ያበቃለት መስሎ ነበር፤ ይሁን እንጂ ጊዜ ሲያልፍ ያችው የተነቀፈችው 996 ከተተኪዎቿ ይልቅ ቀላልና ጠባብ መሆኗ፣ በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎችም ብዙ ያልተጨናነቀች መሆኗ እየታወቀ መጣ። ዋጋዋም ወድቆ ስለነበር 911 መግዛት ያልሙ የነበሩ ወጣቶች እጅ ገባች፤ እነርሱም ከፍተው ጠገኗት፣ ጉድለቷን ለይተው አወቁ፣ ጠባይዋን ለመዱ። መብራቱ ዛሬም ያው ነው፤ የተለወጠው የተመልካቹ ዓይን ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ለውጥ የሥነ ልቦና ሊቃውንት የሚሰጡት ማብራሪያ አለ። ሮበርት ዛዮንስ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጥናት ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ በማየት ብቻ፣ ስለ ነገሩ ምንም አዲስ እውቀት ሳያገኝ፣ እየወደደው እንደሚሄድ አሳይቷል። ሬይመንድ ሎዊ የተባለው ዝነኛ የቅርጽ ባለሙያ በበኩሉ ደንበኛ የሚቀበለው ነገር እጅግ የዘመነ፣ ግን ገና ከሚያውቀው ነገር ያልራቀ መሆን አለበት የሚል መርሕ ነበረው። ሁለቱም ማብራሪያዎች እውነትነት አላቸው፤ ነገር ግን ስለ መኪና ፍቅር ሲነገር የሚጎድላቸው አለ። ደጋግሞ ማየት ብቻውን ፍቅር የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ፣ በየቀኑ በሺዎች የሚታዩት ሚኒባሶች የከተማይቱ ተወዳጅ መኪኖች በሆኑ ነበር። ወደ ጉዳዩ ይበልጥ የሚቀርበው ማይክል ኖርተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት ነው፤ ሰዎች በገዛ እጃቸው የገጣጠሙትን ዕቃ፣ ሥራው የጀማሪ ሥራ ቢሆንም እንኳ፣ ሌላ ሰው ከሚሰጠው ዋጋ እጅግ አብልጠው እንደሚገምቱት ያሳየ ነውና። የዚህ ጽሑፍ አቋምም ከዚህ ይነሣል፤ ዳግም የተቀረጸች መኪና የምትወደደው ወዳጁ እጁን ሊያስገባባት ሲችልና ከቀድሞ ማንነቷ ቢያንስ አንዱ ዋና ነገር ሳይነካ ሲቀር ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ መልመድ ይኖራል እንጂ ፍቅር አይኖርም።

የ911 ታሪክ ለአዲስ አበባ ሰው ሩቅ አይደለም፤ ፒያሳ የሚባለው የአራዳ ሰፈር አያቷን በደንብ ያውቃታል። ፈርዲናንድ ፖርሽ የቮልስዋገንን ትንሽ መኪና፣ አዲስ አበባ በአጭሩ ቮልስ የሚላትን፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲነድፍ ያሰበው ተራ ቤተሰብ የሚችላትን መኪና ነበር፤ ልጁ ፌሪ ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1948 በኦስትሪያ የመጀመሪያዋን 356 ሲሠራ ግን የቮልስን ክፍሎች ወስዶ የስፖርት መኪና አወጣባቸው፤ 911 የተወለደችውም 356ን ለመተካት ነው። እንግዲህ በዓለም እጅግ ከተወደዱት የስፖርት መኪኖች አንዷ በመሠረቱ ዳግም የተቀረጸች ቮልስ ናት ማለት ነው። ይህ የዘር ሐረግ ቮልስን ዝቅ አድርጎ፣ ጎማዋን አስፍቶ፣ ሞተሯን አጠንክሮ ሊወጣ የሚፈልገውን የአዲስ አበባ ወጣት ምኞት ከንቱ ቅንጦት እንዳይባል ያደርገዋል፤ የሚሞክረው የፖርሽ ቤተሰብ ራሱ የሞከረውን ነውና።

የቮልስዋገን ፋብሪካ ራሱ ቮልስን ሁለት ጊዜ እንደገና ቀርጿታል። እ.ኤ.አ. በ1994 በዲትሮይት ትርኢት የታየው የሙከራ ሞዴል የናፍቆት ማዕበል አስነሥቶ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ኒው ቢትል በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። ቅርጹ ከሦስት ቅስቶች የተሠራ ይመስል ነበር፤ ከመሪው አጠገብ አበባ የሚቀመጥበት ትንሽ ብርጭቆም ነበረው። ከሥሩ ግን ጎልፍ የተባለችው የቮልስዋገን መኪና ፕላትፎርም ነበር፤ ፕላትፎርም ማለት አንድ አምራች ለተለያዩ መኪኖች በጋራ የሚጠቀምበት የወለል፣ የእግርና የሞተር ማስቀመጫ አካል ነው። ሞተሩ ወደ ፊት መጣ፣ በውሃ ቀዘቀዘ፣ ዕቃ ይቀመጥበት የነበረው የፊት ክፍልም ጠፋ። የቀድሞዋ ቮልስ ወዳጆች ከውጭ አገር ብዙ ዓመት ቆይቶ የተመለሰ ዘመድ ፊቱ ያው ሆኖ አነጋገሩ ሲለወጥባቸው የሚሰማቸው ዓይነት ቅሬታ ተሰማቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 የመጣችው ሁለተኛዋ ግን አበባውን ትታ፣ ሰፍታ፣ ረዝማና ዝቅ ብላ፣ ቱርቦ የተገጠመለት የሁለት ሊትር ሞተርም ተሰጥቷት ወደ ስፖርት መኪና አዘነበለች፤ የጣሪያዋ መስመር ደግሞ ከመጀመሪያዋ ይልቅ የጥንቷን ቮልስ ይመስል ነበር። ይህች ሁለተኛይቱ በአነዳዷ የሚያከብሯትን ሰዎች ያገኘች ብትሆንም፣ ለብዙዎች ፍቅሩ የጀመረው ሜክሲኮ በሚገኘው የፑዌብላ ፋብሪካ መሠራቷ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 ካበቃ በኋላ ነው። የጥንቷ ቮልስም በዚያው ፋብሪካ ነበር እ.ኤ.አ. በ2003 የመጨረሻዋ የወጣችው፤ በዓለም ዙሪያ 21,529,464 ከተሠሩ በኋላ።

እነዚህ አዳዲሶቹ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ብዙም አይታዩም። የምትታየው የጥንቷ ናት፤ የምትታየውም ከላይ የተባሉት ሁለት ሁኔታዎች በእርሷ ላይ ስለሚሟሉ ነው። አንድ መካኒክ በቮልስ ላይ ሲሠራ ቀርቦ ያየ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳል። ሞተሩ ማርሽ ከሚቀይረው ካምቢዮ ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ብቻ ስለሆነ፣ የቤንዚን ቱቦው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውና የነዳጅ መስጫው ገመድ ከተነቀሉ በኋላ፣ መኪናዋ በክሪክ ከፍ ተደርጋ ሞተሩ ወደ ኋላ ተስቦ በሥር በኩል ይወጣል፤ ሁለት የለመዱ ሰዎች ይህን ለመጨረስ ግማሽ ቀን አይፈጅባቸውም። ጎማውን የሚከልሉት ፓራፋንጎዎች በብየዳ ሳይሆን በብሎን የተያዙ ናቸው፤ አንዱ ሲጎዳ ይፈታል፣ ባትላሜራው፣ ማለትም የመኪና አካል የሚቀጠቅጠው ባለሙያ፣ ከሥሩ የብረት ቁራጭ ደግፎ በመዶሻ እያለሳለሰ ወደ ቅስቱ ይመልሰዋል፣ ካልተመለሰም ከአዲስ ላሜራ ይሠራዋል። አካሏ ራሱ ከወለሏ የሚለየው በብሎን ነው። የሚገርመው ሞተሯ ተቀይሮ፣ ወንበሯ በሌላ ቆዳ ተለብጦ፣ ቸርኬዋ ሰፍቶ፣ ቀለሟም ከክሬም ወደ ጥቁር ሰማያዊ ዞሮ እንኳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ስትመጣ ሕፃን ልጅ ሳይቀር «ቮልስ!» ይላል፤ የኮፋኖዋና የጣሪያዋ ቅስት አልተነካምና። ዳግም ቀራጩ እጁን ያሳረፈበትና ያላሳረፈበት ነገር ድንበሩ ይህ ነው።

ዳገቱም የራሱ ድርሻ አለው። ከለገሃር ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤትና ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚወጣ መኪና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ወደሆነ ከፍታ ይደርሳል። ተራ የቤንዚን ሞተር፣ አየር በግድ የሚያስገባ ቱርቦ ካልተገጠመለት፣ በየመቶ ሜትሩ ከፍታ ከኃይሉ አንድ በመቶ ያህል ስለሚቀንስ፣ በዚህ ከፍታ ሩብ ያህል ኃይሉን ያጣል፤ 34 የፈረስ ጉልበት ይዛ ከፋብሪካ የወጣች የእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ባለ 1200 ቮልስ እዚህ የምትሠራው በ25 ገደማ ነው ማለት ነው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ የሚሰጠው ቤንዚን ከአየሩ ይበልጣል፤ ሞተሩ ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ዳገት ላይም ይታፈናል። የአዲስ አበባ መካኒክ የቤንዚን ማሳለፊያዋን ቀዳዳ በጠበበ ሲተካና የካንዴላውን መለኮሻ ጊዜ ትንሽ ሲያስቀድም የሚሠራው ጥገና ብቻ አይደለም፤ የቮልስዋገን ፋብሪካ ለሚገኝበት ለቮልፍስበርግ ሜዳ የተሠራን ሞተር ለአራዳ ዳገት ዳግም እየቀረጸ ነው። ባለቤቱ መኪናዋ በሁለተኛ ማርሽ ሳትንተፋተፍ ማዘጋጃ ቤቱን ስታልፍ የሚሰማው ኩራት ከዚህ ይመነጫል፤ ሌላ ቦታ ያለ የአንድ መቶ ሺህ ዶላር መኪና ባለቤት ከሚሰማው ኩራት የሚያንስበት ምክንያት የለም።

ከቮልስ ቀጥሎ የወጣቱ ፍቅር ያረፈባት ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1979 የመጣችው የዚህች ኮሮላ ትውልድ ሞተሩ ከፊት ሆኖ ኃይሉ ወደ ኋላ እግሮች የሚሄድባት ናት፤ ይህ አሠራር መኪናን በኩርባ ላይ በነዳጅ መስጫው ጭምር ለማዞር ስለሚያስችል በስፖርት ነጂዎች ዘንድ ይመረጣል። ተተኪዋ እ.ኤ.አ. በ1983 ስትመጣ አብዛኛው የኮሮላ ቤተሰብ ወደ ፊት እግር መጎተት ዞረ፤ ኤኢ86 የተባለችው ባለ ሁለት በር ግን የቀድሞዋን መሠረት ይዛ በኋላ እግር መገፋቷን ቀጠለች። ይህች መኪና በጃፓን የተራራ መንገዶች ዝነኛ ሆና፣ በኋላም በሹኢቺ ሺጌኖ የሥዕል ልብ ወለድ ስሟ በዓለም ናኘ። በመሆኑም በአዲስ አበባ ታርጋዋ የተላጠ፣ ቀለሟ የደበዘዘ ዲኤክስ የሚነዳ ሰው ከዚያች ዝነኛ መኪና ታላቅ እኅት ጋር ተቀምጧል። ቶዮታ ከሱባሩ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣት 86 ስሟን የወሰደችው ከኤኢ86 ነበር፤ ያን ጊዜም ቅሬታ አልጠፋም፤ ሁለት ሊትር የሆነው ሞተሯ መካከለኛ ዙር ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ለጥቂት ጊዜ ዝቅ ይል ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2021 ዳግም የተቀረጸችው ጂአር86 ሞተሩን ወደ 2.4 ሊትር አሳድጋ ያን ጎደሎ ሞላች፤ ክብደቷንና ዝቅ ያለ አቀማመጧን ግን ጠበቀች። ፋብሪካ የወዳጆቹን ስሞታ አዳምጦ ሊነካ የሚገባውን ብቻ ሲነካ የሚሆነው ይህ ነው፤ እንዲህ ዓይነቷ መኪና ፍቅር ለማግኘት ሃያ ዓመት አያስፈልጋትም።

የአዲስ አበባ ዲኤክስ ወዳጅ ስሞታውን የሚሰማለት ፋብሪካ የለውም፤ ስሞታውን የሚያቀርበው ለጋራዡ ነው። መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራን ይዞራል፣ ከሌላ ቶዮታ የወጣ የተሻለ ሞተር ያገኛል፣ ማርሚታውን፣ ማለትም የጭስ ድምፅ ማፈኛውን፣ ሰፋ ባለ ቱቦ ይተካል፣ የፊት ፍሬኑን ያሻሽላል። ከሚሠሩት ሁሉ ግን በግልጽ መነቀፍ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ መኪናዋን ዝቅ ለማድረግ ሲባል ሞላን በመጋዝ መቁረጥ። ሞላ የመንገዱን ምት የሚሸከመው የተጠቀለለ ብረት ሲሆን፣ ሲቆረጥ መኪናዋ ዝቅ ማለቷ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሞላው ከመቀመጫው ሊላቀቅ ይችላል፣ ጎማው ጉድጓድ ላይ ሲያርፍ ከአካሉ ጋር ይጋጫል፣ ፍሬን ሲያዝም መኪናዋ ሚዛኗን ትስታለች። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል። ዳግም መቅረጽ የእጅ ሥራ ነው ሲባል እጁ የሚሠራውን ማወቅ አለበት ማለትም ነው፤ ከትክክለኛ ሞላና ከተስማሚ ንዝረት ማብረጃ ጋር ዝቅ የተደረገች መኪና ውበቷም ደኅንነቷም ይጠበቃል።

በሰማያዊና ነጭ ቀለሟ የምትታወቀው ላዳም ልትጠቀስ ይገባታል፤ እርሷም ራሷ ዳግም የተቀረጸች መኪና ናትና። የጣሊያኗን ፊያት 124 ሶቪየቶች በቶልያቲ ለመሥራት ሲነሡ ላሜራዋን አወፍረው፣ እግሯን ከፍ አድርገው፣ የኋላ ዲስክ ፍሬኗን በከበሮ ፍሬን ተክተው ለአስቸጋሪ መንገድ አበቋት። ለአዲስ አበባ ታክሲነት የጠቀማትም ያው ነው፤ ጥንካሬዋ ከውበቷ ቀደመ፣ ውበቷም ከጥንካሬዋ ተነሣ።

ስለ ዳግም መቅረጽ በፒያሳ ሲነገር አካባቢው ራሱ በ2016 ዓ.ም. እንደገና መሠራቱ ሊታለፍ አይችልም። በዚያው ዓመት የካቲት ወር የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከሐውልቱ አጠገብ ተመረቀ፤ ብዙም ሳይቆይ በኮሪደር ልማት ሥራ የቆዩ ሱቆችና ሰፈሮች ፈረሱ። አዲሱ መልክ እንደ መኪናው ሁሉ ሲቆይ ይለመዳል፣ ይወደዳልም የሚል ሐሳብ አንዳንድ ጊዜ ይሰማል። በዚህ ማመሳሰል ውስጥ ግን አንድ ትልቅ ስሕተት አለ። ዳግም የተቀረጸች መኪና ስትመጣ የቀድሞዋ ከመንገድ አትነሣም፤ 996ን የጠላ ሰው የቀድሞዋን መንዳት ይችላል፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ እያነጻጸረ ሐሳቡን ቀስ ብሎ የመለወጥ ነጻነት አለው። የአዲሷ ፍቅር የሚበስለው አሮጌዋ በሕይወት ስላለች ነው። የፈረሰ ሰፈር ግን ለንጽጽር የሚቀር የለውም፤ ስለዚህ ከመኪና ወዳጆች ታሪክ ለከተማ ሥራ የሚወሰድ ትምህርት ካለ፣ አዲሱን ከመሥራት በፊት ከአሮጌው የሚቆየውን መምረጥ እንደሚገባ ነው። የምኒልክ ሐውልት በቦታው መቆየቱ በዚህ ረገድ ትልቅ ነገር ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ወደ መኪናው ሲመለስ፣ የዚህ አገር ወዳጅ የሚያሳስበው ጥያቄ አሁን ከፊቱ ተደቅኗል። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክሎ በኤሌክትሪክ የሚሠሩትን ብቻ ፈቀደ። ይህ ውሳኔ አገሪቱ ለነዳጅ የምታወጣውን የውጭ ምንዛሪ ለመቀነስና የራሷን ኃይል ለመጠቀም የተወሰደ ስለሆነ ደጋፊ አያጣም፤ በውጤቱ ግን በአገር ውስጥ ያሉት ቮልሶችና ዲኤክሶች ከእንግዲህ ወዲህ ቁጥራቸው እየመነመነ እንጂ እየጨመረ አይሄድም። በአንጻሩ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ባትሪያቸው ከወለሉ ጋር የታሸገ፣ ሥርዓታቸውም በኮምፒውተር ቁልፍ የተዘጋ ስለሆነ የጋራዡ እጅ አይገባባቸውም። ጸጥ ያሉ፣ ፈጣን፣ ዳገት የማይበግራቸው ናቸው፤ ሰው ይረካባቸዋል፣ ይኮራባቸዋልም፤ ወዳጅ የሚያፈሩ ስለመሆናቸው ግን ከላይ በተባለው መለኪያ ሲታይ አጠራጣሪ ነው።

መንገዱ ግን አልተዘጋም። ቮልስዋገን ኢክላሲክስ ከተባለ ድርጅት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2019 ጥንታዊ ቮልስን ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ እንደሚቻል በይፋ አሳይቷል፤ የቀድሞዋ አካል እንዳለ ሆኖ 60 ኪሎዋት ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ ሞተር ከኋላ፣ በአራት ብሎን ይያዝ የነበረው ሞተር በወጣበት ሥፍራ ገባ፣ ባትሪው ከወለሉ ተገጠመ፣ መኪናዋም በአንድ ሙሌት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች ተባለ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታ ኃይሉን አይቀንስበትም፤ ለቸርችል ዳገት ከዚህ የተሻለ ዳግም ቀረጻ ማሰብ ያስቸግራል። የሚጎድለው ጩኸቷ ብቻ ነው፤ ይህንንም አንዳንድ ወዳጆቿ ይቅር የማይሉት ጉድለት እንደሚሆን መገመት አያዳግትም፤ ሌሎቹ ግን ኮፋኖዋንና ጣሪያዋን አይተው የራሳቸው መሆኗን ይቀበላሉ። ባለሙያውም አለ፤ ሞተሩን በግማሽ ቀን የሚያወጣ መካኒክ፣ ላሜራ የሚያለሳልስ ባትላሜራ፣ የኤሌክትሪክ ትምህርት ተምረው ሥራ የሚፈልጉ የሙያ ትምህርት ቤቶች ምሩቃንም አሉ።

ስለዚህ በቅድሚያ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ደንብ ነው። የመኪናዋ የባለቤትነት ደብተር፣ ሊብሬው፣ የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ስለሚይዝ፣ ሞተሯ ወደ ኤሌክትሪክ የተለወጠ ቮልስ የዓመት ምርመራ አልፋ ቦሎ እንድታገኝ ለውጡ የሚመዘገብበት፣ የባትሪዋ አገጣጠምና የፍሬኗ ብቃት የሚፈተሽበት ግልጽ ሥርዓት ያስፈልጋል። ይህ ሥርዓት ሲዘረጋ ጋራዦቹ ዛሬ በልምድ የሚሠሩትን ነገ በፈቃድና በኃላፊነት ይሠሩታል፤ ሞላ በመጋዝ የሚቆርጠውም የሚያቆመው ያገኛል። የትራንስፖርት ባለሥልጣናት ይህን ቢያደርጉ፣ ከውጭ የሚገባውን የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት አቅም የሌለው፣ ነገር ግን አባቱ ያወረሰው ቮልስ ግቢው ውስጥ በሸራ ተሸፍና የቆመችበት ሰው፣ መኪናዋን ለብረት ነጋዴ በኪሎ ሳይሸጥ ወደ ጋራዥ ይወስዳታል።